ማመልከቻን በቤት ኮምፒዩተር መጻፍ

ኮምፒዩተር መጻፊያ፣ ማስያና መልእክት መላኪያ መሣሪያ ነው። ብዙ ሰው ግን የቢሮ ሰዎች ዕቃ ብቻ ይመስለዋል። እንዲህ ቢመስለው አይፈረድበትም። በወረዳው፣ በፍርድ ቤቱና በባንኩ ያየው ከመስኮት ወዲያ ማዶ ነው። ጸሐፊዋ ፊቱን ታያለች፤ ባለጉዳዩ ጀርባውን ያያል።

ዛሬ ዛሬ ግን ኮምፒዩተር በከተማ በብዙ ሰው ቤት ገብቷል። አንድ ገበሬ ለጉዳይ አዲስ አበባ መጣ እንበል። አውቶቡስ ተራ ይወርዳል። መርካቶን አቋርጦ ተክለ ሃይማኖት ከሚኖር ዘመዱ ቤት ያርፋል። በዚያ ቤት የልጆቹ መማሪያ የሆነ ላፕቶፕ አለ፤ ዳንቴል ለብሶ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። በማግስቱ ገበሬው ማመልከቻ ሊያጽፍ ገንዘብ ይዞ ይወጣል። ማመልከቻው የሚጻፍበት መሣሪያ ግን እዚያው ባደረበት ቤት ነበር።

ማመልከቻ ማጻፍ ነውር አይደለም። በሙያቸው የተካኑ፣ ሕግ የሚያውቁ ጸሐፊዎች አሉ። ነገሩ ከባድ የፍርድ ቤት ክርክር ከሆነ የሕግ ባለሙያ መያዝ ይሻላል። ነገር ግን ለቀበሌ ወይም ለወረዳ የሚቀርብ አጭር ማመልከቻ፣ ለልጅ ትምህርት ቤት የሚጻፍ ደብዳቤ፣ የዕድር ስም ዝርዝር፣ እነዚህን ፊደል የቆጠረ ሰው ራሱ ሊጽፋቸው ይችላል። ከዚህ ቀጥሎ እንዴት እንደሚጻፉ እንማራለን።

መሣሪያውን መክፈት

ኮምፒዩተር ሦስት ነገሮች አሉት፤ እነሱን ካወቅን ይበቃናል። ጽሑፉ የሚታይበት መስኮት ስክሪን ይባላል። ፊደል የተጻፈባቸው ቁልፎች የተደረደሩበት ገበታ ኪቦርድ ይባላል። በእጅ መዳፍ ተይዛ ጠረጴዛ ላይ የምትንሸራተተው ማውዝ ትባላለች። ማውዝ በእንግሊዝኛ አይጥ ማለት ነው፤ ሽቦዋ እንደ ጅራት ስለሚጎተት የወጣላት ስም ነው። ማውዟን ስናንሸራትት በስክሪኑ ላይ አንዲት ትንሽ ቀስት አብራ ትሄዳለች። ቀስቷን ከምንፈልገው ነገር ላይ አድርሰን የማውዟን የግራ ጆሮ ጫን እናደርጋለን። ለመምረጥ አንድ ጊዜ፣ ለመክፈት ሁለት ጊዜ ቶሎ ቶሎ እንጫናለን። ላፕቶፕ ከሆነ ከኪቦርዱ በታች ያለው ለስላሳ ሰሌዳ የማውዝን ሥራ ይሠራል፤ በጣት ይዳሰሳል።

ማብሪያው ክብ ምልክት ሲሆን አናቱ ላይ አንድ ጭረት አለው። አንድ ጊዜ ተጭነን እንጠብቃለን። አሮጌ ኮምፒዩተር እስኪነሣ ጊዜ ይወስዳል፤ ደጋግሞ መጫን አያፈጥነውም። ከዚያ በኋላ የይለፍ ቃል ይጠይቃል። የይለፍ ቃል እንደ ሣጥን ቁልፍ ነው። የባለቤቱ ነውና ባለቤቱ ይክፈትልን እንጂ እኛ አንጠይቀው። እኛም የራሳችንን፣ በተለይም ገንዘብ ያለበትን የስልካችንን ምሥጢር ቁጥር፣ ላግዝህ ላለን ሁሉ አንስጥ።

አንዳንድ ሰው «ብነካው ይበላሽብኛል» ብሎ ይፈራል። ኮምፒዩተር ውኃ ቢፈስበት ወይም ቢወድቅ ይበላሻል እንጂ ፊደል በመንካት አይበላሽም። የጻፍነው ድንገት ቢጠፋ «ኮንትሮል» የሚለውን ቁልፍ ይዘን «ዜድ» የምትባለውን የላቲን ፊደል እንንካ። መጨረሻ ያደረግነው ነገር ይቀለበሳል፤ የጠፋው ይመለሳል። በእርሳስ ብንጽፍ ኖሮ ላጲስ የበላውን ማን ይመልስልን ነበር?

ፊደላችን ኪቦርዱ ላይ የት አለ?

ኪቦርዱን ስናይ የምናገኘው የላቲን ፊደል ነው። እነሱ 26 ናቸው። የእኛ ፊደል ከሀ እስከ ፐ 33 ረድፍ አለው፤ እያንዳንዱ ረድፍ ሰባት ስለሆነ 231 ይሆናል። ዲቃላዎቹ ሲጨመሩ ከዚህ ይበልጣል። ታዲያ 231 ፊደል በ26 ቁልፍ እንዴት ይጻፋል?

ይህ ጥያቄ ከኮምፒዩተር በፊትም የነበረ ነው። ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና በመፍጠር ስማቸው ይነሣል። በጽሕፈት መኪና ዘመን የፊደሉ ገላ ለብቻ፣ እግሩና ቀለበቱ ለብቻ እየተመቱ ይቀጠሉ ነበር። በዚያ መኪና የተጻፈ አሮጌ ደብዳቤ ያለው ሰው ልብ ብሎ ቢያየው የአንዳንዱ ፊደል እግር ከገላው ትንሽ ራቅ ብሎ ይታየዋል።

ኮምፒዩተር ሌላ ዘዴ አለው። ዘዴውም በድምፅ መጻፍ ነው። አንድ የአማርኛ ፊደል በሁለት ቁልፍ ይጻፋል፤ መጀመሪያ ዋናው ድምፅ፣ ቀጥሎ አናባቢው። ለምሳሌ «ኤል» የምትባለውን የላቲን ፊደል ስንነካ «ል» ይመጣል። አስከትለን «ኢ» የምትባለውን ስንነካ «ል» ተለውጦ «ለ» ይሆናል። በ«ኢ» ፈንታ «ዩ» ብንነካ «ሉ»፣ «አይ» ብንነካ «ሊ»፣ «ኤ» ብንነካ «ላ»፣ «ኦ» ብንነካ «ሎ» ይሆናል። «ሌ»ን የሚጽፉበት መንገድ ከፕሮግራም ፕሮግራም ስለሚለያይ የቤቱን ልጅ እንጠይቅ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ እንበል። አንደኛ፣ እኛ ፊደል ስንቆጥር ከግዕዙ ከ«ለ» ጀምረን ወደ ሳድሱ ወደ «ል» እንሄዳለን። ኮምፒዩተሩ ግን ከሳድሱ ይጀምራል። ሁለተኛ፣ የላቲን ፊደል ስሙና ድምፁ አይገጥምም። ስሟ «ኤ» የሆነችው «አ» ትላለች፤ ስሙ «አይ» የሆነው «ኢ» ይላል። ይህ የእነሱ ችግር ነው፤ ብቻ ለምደን እንለፈው።

«ሰላም» የሚለውን ቃል እንሞክር። በኪቦርዱ ላይ ፊደሎቹ በሦስት ረድፍ ተደርድረዋል። «ኤስ» በመካከለኛው ረድፍ ከግራ ሁለተኛዋ ናት፤ «ኢ» በላይኛው ረድፍ ከግራ ሦስተኛዋ ናት። ሁለቱን አከታትለን ስንነካ «ሰ» ይመጣል። «ኤል» በመካከለኛው ረድፍ ከፊደሎቹ ሁሉ መጨረሻ ወደ ቀኝ ናት፤ «ኤ» እዚያው ረድፍ ከግራ መጀመሪያ ናት። ሁለቱ «ላ» ይሆናሉ። «ኤም» በታችኛው ረድፍ ከፊደሎቹ መጨረሻ ናት። እሷን ብቻ ስንነካ «ም» ትመጣለች። እነሆ «ሰላም» ተጻፈ። አምስት ጊዜ ነካን፣ ሦስት ፊደል አገኘን።

እንደ «ጠ» እና «ጨ» ያሉት ጠንካራ ድምፆች ብዙውን ጊዜ «ሺፍት» የሚባለው ቁልፍ ተይዞ ይጻፋሉ። በቃላት መካከል ባዶ ቦታ ለመተው ከሁሉ በታች ያለውን ረጅሙን ቁልፍ እንነካለን። ወደ አዲስ መስመር ለመውረድ «ኢንተር» የሚባለውን፣ የተሳሳተ ፊደል ለማጥፋት ደግሞ ከላይ በቀኝ ያለውን «ባክስፔስ» እንነካለን። አራት ነጥብ በብዙዎቹ ፕሮግራሞች ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ በመምታት ይመጣል።

ኮምፒዩተሩ የላቲን ፊደል ብቻ የሚጽፍ ከሆነ ወደ አማርኛ አልተቀየረም ማለት ነው። መቀየሪያው ብዙውን ጊዜ በስክሪኑ ታች በቀኝ በኩል ከሰዓቱ አጠገብ ይገኛል። ድሮ ነገሩ ከባድ ነበር። እያንዳንዱ የአማርኛ ፕሮግራም ለፊደሎቹ የራሱን ቁጥር ይሰጥ ስለነበር በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ዝብርቅርቅ ይሆን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 ግን የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም የፊደላት መዝገብ ውስጥ ገባ። በዚያን ጊዜ 345 ምልክቶች፣ ቁጥሮቻችንና ነጥቦቻችን ጭምር፣ እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ቁጥር አገኙ። አሁን ተክለ ሃይማኖት የተጻፈ «ለ» ጎንደርም ሆነ ዋሽንግተን ሲከፈት ያው «ለ» ነው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ማመልከቻው

«ወርድ» የሚባለውን ፕሮግራም ስንከፍት ነጭ ወረቀት የመሰለ ገጽ ይመጣል። ማመልከቻ የታወቀ መልክ አለው። ቀኑ ከላይ በቀኝ ይጻፋል። በስተግራ የሚጻፍለት መሥሪያ ቤት ይከተላል። ከዚያ ጉዳዩ፣ ከዚያ ነገሩ፣ በመጨረሻ ስምና ፊርማ ይሆናል። ለምሳሌ፦

ቀን .......... ዓ.ም.
ለ .......... ወረዳ ገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ጽሕፈት ቤት
ጉዳዩ፦ በይዞታ ደብተር ላይ የተሳሳተ ስም እንዲታረምልኝ ስለመጠየቅ
እኔ አመልካች በ .......... ቀበሌ ነዋሪ ስሆን በይዞታ ደብተሬ ላይ የአባቴ ስም «..........» ተብሎ በስህተት ተጽፏል። ትክክለኛው «..........» ነው። ማስረጃዬን ከዚህ ማመልከቻ ጋር ያያዝኩ ስለሆነ ስሙ ታርሞ እንዲሰጠኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።
ከሠላምታ ጋር
ስም ..........  ፊርማ ..........

ማመልከቻ ሲያጥር ይሻላል። ከአያት ከቅድመ አያት መጀመር አያስፈልግም። የተበደልነው ምንድን ነው? መቼ? የምንጠይቀው ምንድን ነው? እነዚህን ሦስቱን ከያዘ ይበቃል። የሚያነበው ሹም በቀን ብዙ ወረቀት ያያል፤ ጉዳያችን በሁለተኛው ገጽ ከተደበቀ ላያገኘው ይችላል።

ቀኑን በተመለከተ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ኮምፒዩተሩ ራሱ የሚያሳየው ቀን የፈረንጅ ነው። በእኛ ጥር 2018 ሲሆን እሱ 2026 ይላል። ሰዓቱም ስድስት ሰዓት ይለያያል፤ በእኛ ከቀኑ 9 ሰዓት ሲሆን እሱ 3 ወይም 15 ብሎ ይጽፋል። ስለዚህ ቀኑን ከስክሪኑ ጥግ አንገልብጥ። የራሳችንን ቀን በእጃችን እንጻፍ።

ማስቀመጥ

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል። በስክሪን ላይ የሚታይ ያልተቀመጠ ጽሑፍ ግን ገና በቃል እንዳለ ነው። መብራት እልም ካለ፣ ባትሪ የሌለው ትልቁ ኮምፒዩተር ከሆነ፣ አብሮ ሊሄድ ይችላል። በሰፈራችን መብራት እልም ማለቱን ደግሞ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ስለዚህ ጽሑፉን ሴቭ እናደርጋለን፤ ማስቀመጥ ማለት ነው። «ኮንትሮል» ይዘን «ኤስ»ን እንነካለን። በመጀመሪያው ጊዜ ስም ይጠይቀናል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሰንፋል። ዝም ብሎ ያልፍና ጽሑፉ ስም አልባ ሆኖ ከመቶ ስም አልባዎች ጋር ይቀመጣል። ከሦስት ወር በኋላ የት ይገኛል? ገብስና ስንዴ በአንድ ጎተራ እንደ መገልበጥ ነው። «የደብተር ስም ማረሚያ ጥር 2018» ብለን ብንሰይመው በማንኛውም ጊዜ ይገኛል። ከዚያ በኋላ በየአንቀጹ መጨረሻ «ኮንትሮል» እና «ኤስ» እንነካለን። ሁለተኛ ስም አይጠይቅም።

ሥራ ሲያልቅ ሽቦውን መንቀል አይገባም። በስክሪኑ ታች ካለው የመስኮት ምልክት ገብተን ማጥፊያውን እንመርጥ፤ ራሱ ሰብስቦ ይተኛል።

ከመታተሙ በፊት ማንበብ

ከሁሉ የሚበልጠው ክፍል ይህ ነው።

ባለፈው ዓመት እዚሁ ተክለ ሃይማኖት አንዲት እናት ከገጠር መጥተው በዘመዶቻቸው ቤት አርፈው ነበር። በአንድ የጽሕፈት ቤት ያሠሩትን ማመልከቻ ይዘው ገቡ። ወረቀቱ ንጹሕ ነው፤ ፊደሉ ያምራል። እሳቸው ግን እንደ ሌላው አጥፈው ወደ ሻንጣ አልከተቱትም። ተቀመጡና ጣታቸውን ከመስመሩ ሥር እያስኬዱ ቀስ ብለው አነበቡት። ማንበብ የተማሩት ካደጉ፣ ልጆች ከወለዱ በኋላ ነው። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

«ልጄ፣ ይህ እኮ የእኔ ማሳ አይደለም» አሉኝ።

አየሁት። በምሥራቅ ወንዝ ያዋስነዋል ይላል። የእሳቸው ማሳ ወንዝ የለውም። በሰሜን የተጻፈውንም ጎረቤት አያውቁትም። የሆነው ነገር ግልጽ ነው። ጸሐፊው ቀድሞ ለሌላ ሰው የጻፈውን ማመልከቻ ከፍቶ ስሙን ብቻ ቀይሮ አትሟል። የሌላው ሰው ድንበር ግን እዚያው ቀርቷል። እሳቸው ባያነቡት ኖሮ የማያውቁትን መሬት ድንበር የእኔ ነው ብለው ፈርመው ያስገቡ ነበር። ያንን የሚያቃናው ስንት ምልልስ፣ ስንት የአውቶቡስ ሒሳብ ነው?

ማታውን በቤቱ ላፕቶፕ ላይ እንደገና ጻፍነው። እሳቸው እየነገሩኝ እኔ መታሁ፤ የራሳቸውን ስም ግን «እኔው ልሞክረው» አሉ። ጊዜ ወሰደ። በአንድ ጣት ነው። ማንም አላቻኮላቸውም።

አሮጌ ጽሑፍን ከፍቶ መጠቀም በራሱ ክፉ አይደለም፤ እንዲያውም ድካም ይቀንሳል። የአምናውን ማመልከቻ ከፍተን በአዲስ ስም እናስቀምጠውና የሚለወጠውን እንለውጣለን። ያን ጊዜ ግን ቀኑን፣ ስሙን፣ ቀበሌውን፣ ቁጥሩንና አዋሳኙን አንድ በአንድ እየጠቆሙ ማየት ግድ ነው። ጽሕፈት ቤት ስናሠራም ከመታተሙ በፊት ስክሪኑን ወደ እኛ እንዲያዞሩልን እንጠይቅ። ገንዘብ ከፍለናል፤ ማየት መብታችን ነው።

ሌላው የስም አጻጻፍ ነው። አማርኛ ሞክሼ ፊደላት አሉት። ሀ፣ ሐ፣ ኀ በድምፅ አንድ ናቸው። ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ እንዲሁ ናቸው። ለጆሮአችን ልዩነት የላቸውም። ለኮምፒዩተር ግን እያንዳንዳቸው ሌላ ፊደል ናቸው፤ የየራሳቸው ቁጥር አላቸው። የሰፈራችንን ስም እንኳ እንመልከት። «ተክለ ሃይማኖት» ነው። በማስታወቂያና በሱቅ ሰሌዳ ላይ ግን «ተክለ ሐይማኖት» ወይም ገጥሞ «ተክለሃይማኖት» ተብሎ ይታያል። መንገደኛ አይሳሳትም። ኮምፒዩተር ግን በአንዱ አጻጻፍ የተመዘገበውን በሌላው አጻጻፍ ቢፈልጉት «የለም» ሊል ይችላል። በሁለት ቃል መካከል ያለችው ባዶ ቦታ እንኳ ለእሱ እንደ አንድ ፊደል ናት።

ስለዚህ አባታችን ኃይለ ማርያም ከሆኑ፣ በይዞታ ደብተሩ፣ በባንክ ደብተሩና በፋይዳ መታወቂያው ላይ በየትኛው «ኃ» እንደተጻፉ፣ ገጥሞ ነው ወይስ ተለያይቶ የሚለውን አይተን አንድ ዓይነት እናድርገው። ይህ ሊቃውንት የሚከራከሩበት የትክክለኛ አጻጻፍ ጉዳይ አይደለም። ወረቀቶቻችን እርስ በርሳቸው እንዲገጥሙ ነው።

ማሳተምና ማስገባት

በቤት ማተሚያ ከሌለ ጽሑፉን በፍላሽ ይዘን ወደ ማተሚያ እንሄዳለን። ከመሄዳችን በፊት የቤቱን ልጅ «ወደ ፒዲኤፍ ቀይርልኝ» እንበለው። ፒዲኤፍ የሆነ ጽሑፍ በሌላ ኮምፒዩተር ሲከፈት መስመሩና ፊደሉ አይናጋም። በፍላሹ ላይ የምትታተመውን አንዷን ጽሑፍ ብቻ እንያዝ። የቤተሰቡን ፎቶግራፍና ወረቀት ሁሉ ይዞ መሄድ አያስፈልግም። ብዙ ሰው ፍላሹን የሚሰካበት ኮምፒዩተር ቫይረስ አያጣውም፤ ከፍላሽ ፍላሽ ይተላለፋል፣ ፋይሎችን ይደብቃል። ስንመለስ ፍላሹ ቤት ከመከፈቱ በፊት በቫይረስ መከላከያ ይፈተሽ። ጽሑፋችን በማተሚያ ቤቱ ኮምፒዩተር ላይ ተገልብጦ ከሆነ ደግሞ እንዲያጠፉልን እንጠይቅ። ስማችን፣ ቁጥራችንና የመሬታችን ነገር አለበት።

ሁለት ቅጂ እናሳትም። ሁለቱንም እንፈርም። አንዱን ለመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ቤት ስንሰጥ በሁለተኛው ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን እንዲጽፉልን፣ ማኅተም እንዲያደርጉልን እንጠይቅ። ያ ቅጂ የእኛ ነው። «ማመልከቻህ አልደረሰንም» ቢባል የሚመልስልን እሱ ነው። ቁጥሩንም በኮምፒዩተሩ ላይ ካለው ጽሑፍ ግርጌ ብንጨምረው ወረቀቱ ቢጠፋ አይቸግረንም።

መልመጃ

1. «ሰላም» የሚለውን ቃል በኪቦርድ ጻፉ። ቀጥሎ «ማሳ» ብላችሁ ጻፉ። «ማሳ» ስንት ጊዜ ያስነካል?
2. የራሳችሁንና የአባታችሁን ስም ከሁለት ወረቀቶቻችሁ ላይ አውጡና ጎን ለጎን ጻፉ። በፊደልና በባዶ ቦታ አንድ ናቸው?
3. አራት መስመር ጽፋችሁ ስም ሰጥታችሁ አስቀምጡ። ኮምፒዩተሩን አጥፍታችሁ እንደገና ክፈቱ። ጽሑፉን ያለ ሰው እርዳታ ፈልጉ።
4. አንድ ያሠራችሁትን አሮጌ ማመልከቻ ከሣጥን አውጡና ጣታችሁን እያስኬዳችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡት።